የብራምሊ ፖም፦ ከአንዲት ዘር የተገኙ አያሌ ዛፎች

የጣፈጠንን ፖም በልተን ዘሩን ብንተክለው ያንኑ ፖም መልሰን እናገኛለን? አናገኝም። ምክንያቱን ለመረዳት ብራምሊ የተባለውን ጥንታዊ የእንግሊዝ ፖም እንመልከት (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1809 ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የተባለች ልጃገረድ በሳውዝዌል ከተማ የፖም ዘር ተከለች። የበቀለችው ዛፍም ትልልቅና ኮምጣጣ ፍሬ አፈራች። በ1846 ቤቱንና ግቢውን ማቲው ብራምሊ የተባለ ሥጋ ሻጭ ገዛ። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ ወጣት ከዛፏ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለማባዛት ሲጠይቀው፣ ፖሙ በስሙ እንዲጠራ በማሳሰብ ፈቀደለት።

ቅርንጫፍ ለምን አስፈለገ?

የፖም አበባ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ አይጸንስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር የሁለት የተለያዩ ዛፎች ድብልቅ ነው። ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ፖም ግንድ ላይ ሲጣበቅ ግን የእናቱን ዘረ መል እንደያዘ ያድጋል። በአገራችን በጨንቻ ደጋ የፖም ችግኝ የሚባዛው በዚሁ ዘዴ ነው። እንግዲህ የብራምሊ ዛፎች ሁሉ የአንዲት ዛፍ ቅጂዎች ናቸው ማለት ነው።

ሃምሳ አንድ ክሮሞዞም

አብዛኞቹ ፖሞች 34 ክሮሞዞም ሲኖራቸው ብራምሊ 51 አለው፤ ይኸውም 17 በሦስት ተባዝቶ ነው። ሦስቱ ስብስቦች ለሁለት እኩል ስለማይከፈሉ ብናኙ በአብዛኛው መካን ይሆናል። በመሆኑም ገበሬው በአቅራቢያው ሁለት ሌሎች ዝርያዎችን ይተክላል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸውም ብራምሊንም ያዳብራሉ። ዛፉ ኃይለኛ ዕድገት ያለውና ሰፊ ቦታ የሚፈልግ ነው። ከፍሬው ከፊሉ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሚያዝ ጫፎቹን ሁሉ መግረዝ ምርት ይቀንሳል። ፍሬው በማሊክ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ ሲበስል ይፈርሳል፤ ኮምጣጣ ጣዕሙን ግን አያጣም። ስለዚህ ተመራጭነቱ ለወጥ ቤት ነው።

የእናቲቱ ዛፍ ዕጣ

ዛፏ በ1900 በዐውሎ ነፋስ ወደቀች፤ ሆኖም ከወደቀው ግንድ እንደገና አቆጠቆጠች። ቆይቶ ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ ያዛት። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቲሹ ካልቸር ዘዴ ቅጂዎቿን አፈሩ።

የስንዴ ዝርያ ዘሩን በጎተራ በማኖር ሊጠበቅ ይችላል። የፖም ዝርያ ግን በዘሩ አይጠበቅም። በየትውልዱ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ እጅ ካልተገኘ፣ የመጨረሻው ዛፍ ሲሞት ዝርያውም አብሮ ይሞታል።