ሃይድሮጅን መተንፈስ ቁጭ ባልንበት ስብ ያቃጥላል? ከማራኪ እስከ አምባራስ

ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም፦ አፍንጫው ላይ ቱቦ አድርጎ ጋደም ያለ ሰው፣ ከጎኑ ሃይድሮጅን የምታመነጭ ማሽን። ዝም ብላችሁ ብትተኙም ሰውነታችሁ ስብ ያቃጥላል ይሏችኋል። እውነት ነው ወይ?

👉 መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው
ምንም ሳንሠራ ጋደም ብንልም ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይሠራል፣ አንጎልም አያርፍም። ለዚህ የሚወጣው ጉልበት የዕረፍት ጊዜ ሜታቦሊዝም ይባላል። አንጎል ብቻውን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል።

የሚለካው በትንፋሽ ነው። ጋደም ያለ አዋቂ በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ወደ 5 ኪሎካሎሪ ስለሚያስገኝ፣ በ24 ሰዓት 1,800 አካባቢ ይመጣል።

👉 ሃይድሮጅንስ?
ወሬው ከባዶ አልተነሳም። በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች ኔቸር ሜዲስን ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሃይድሮጅን የተነፈሱ አይጦች ስትሮክ ያደረሰባቸው የአንጎል ጉዳት ቀንሶ ታይቷል። ግን አይጥ ሌላ፣ ሰው ሌላ፤ ስትሮክ ሌላ፣ ውፍረት ሌላ። በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂት ናቸው፣ የተሳታፊዎቹም ቁጥር ትንሽ ነው። ለአንድ ሰዓት ተተንፍሶ ትንሽ ለውጥ ቢታይ እንኳ ኪሎ ቀነሰ ማለት አይደለም።

ደግሞ ሃይድሮጅን ለእኛ እንግዳ አይደለም! ሽሮ ወይም ባቄላ በልተን ሳይፈጭ የቀረውን ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ የተወሰነው በደም አልፎ በትንፋሽ ይወጣል። ወተት የማይስማማውን ሰው ለመለየት የሚለካውም ይኸው ነው።

👉 የእኛው ሀገር ተአምር
ሰውነት ከአየር ጋር ምን ያህል እንደሚላመድ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ውጡ። በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል እና የባልደረቦቿ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ አምባራስ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ ነበር። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። የነዋሪዎቹ ደም ግን በአማካይ 95.3 በመቶ ኦክስጅን የተሞላ ነበር፤ ሄሞግሎቢናቸውም ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ ማለትም ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው! በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ያሉት ደጋማዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የአምባራሶቹን ማሽን አላመጣላቸውም።

⚠️ ተጠንቀቁ
ሃይድሮጅን ቀለምም ሽታም የለውም፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ክብሪት ወይም የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ቤት ውስጥ በባትሪና በጨው ውኃ ለመሥራት መሞከር ደግሞ የባሰ ነው፦ ሳንባ የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በፍጹም እንዳትሞክሩት!

ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በሰው ላይ ተሞክሯል? በስንት ሰው? ለስንት ጊዜ? መልስ ካጣ ብራችሁን ያዙ። ከፒያሳ እስከ ማራኪ በእግር መሄድ ጉልበት እንደሚያቃጥል ግን ማንም አይጠራጠርም፤ ያውም በነጻ።

ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ አድርሱለት።