ሳይነኩ ከሥር ያለውን ማየት፦ ኒውትሮን እና የዘጌ ሥዕሎች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱ ከሞተሩ የፈሰሰ ነዳጅ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ሲሠራ አይታችኋል? ከነዳጁ ላይኛው ገጽ ነጥሮ የተመለሰው ብርሃን ከሥሩ፣ ከውሃው ጋር ከሚገናኝበት ከተመለሰው ጋር ሲደባለቅ ነው። የትኛው ቀለም እንደሚደምቅ የነዳጁ ውፍረት ይወስናል።

ኒውትሮን ሪፍሌክቶሜትሪ የሚባለው ዘዴም ሐሳቡ ይኸው ነው። በብርሃን ፋንታ የኒውትሮን ጨረር ወደ ገጹ በጣም ዝቅ ብሎ ይላካል። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ብርሃን የማያልፈውንም አልፎ ይገባል። ከየንብርብሩ መገናኛ የሚመለሰው ተለክቶ ውፍረቱ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ይሰላል። ሃይድሮጅንን በደንብ ስለሚለይ ውሃ የት እንደሰረገም ያሳያል።

ታዲያ ለዘጌ ምን ይጠቅማል? የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ሥዕሎች ብዙዎቹ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ያሉ ናቸው። እርጥበት ከገባ ጉዳቱ ከማናየው መገናኛ ሊጀምር ይችላል።

እውነቱን እንነጋገር፦ ዘዴው እንደ መስታወት የለሰለሰ ገጽ ይፈልጋል፤ ሻካራ ግድግዳ አያነብም። መሣሪያውም እንደ ፈረንሳይ ግሬኖብል ያለ ትልቅ የኒውትሮን ማዕከል ውስጥ ነው ያለው። የሚቻለው ሙጫውን ወይም ቫርኒሹን በለስላሳ ሲሊከን ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ ውሃ እንዴት እንደሚገባው መለካት ነው።

ስለዚህ ለጥገና የሚቀባ ነገር መጀመሪያ እዚያ ይፈተን እንላለን። ሲሊከን ቢበላሽ ሌላ ይተካል፤ የኡራ ሥዕል ግን ምትክ የለውም።