ካቻቢቴው በማን እጅ ነው?

ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች ተቀላቅለው ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲገቡ ሥራው እንዴት ይከፋፈላል? የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ይህን ተከታትሎ ነበር። ሥራውን መምህሩ ሳይደለድል ሲቀር፣ መሣሪያውን ይበልጥ የሚነካኩት ወንዶቹ ሆነው ተገኙ፤ ሴቶቹ ወደ ኮምፒውተሩና ወደ መመዝገቡ አዘነበሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ልጃገረዶችን በተግባር ከሳይንስና ከምህንድስና ጋር እናስተዋውቅ ስንል ግን ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ዕቃውን የያዘችው እሷ ናት ወይስ አጠገቧ ያለው ልጅ?

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳየ ሙከራ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ በ2015 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው የሚሽከረከር የብስክሌት ጎማ አቀረቡላቸው። አንዱ የጎማውን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ ያዘነብለዋል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ አቅጣጫውን በቀላሉ አይለውጥም። ወደ ጎን ሊያዘነብሉት ሲሞክሩ ባልታሰበ አቅጣጫ ገፍቶ ይታገላል፤ ትግሉም ፍጥነቱ ሲጨምር ይበረታል። ይህን ግፊት በክንዳቸው የተሰማቸው ተማሪዎች በኋላ በተሰጠው ፈተና ካዩት የተሻለ ውጤት አመጡ። አንጎላቸው በምስል መቅረጫ ሲታይ ደግሞ፣ ስለ ጎማው በሚያስቡበት ጊዜ እንቅስቃሴንና የአካል ስሜትን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲነቃ ታየ። እጅ ያወቀውን አንጎል ለማሰቢያ ይጠቀምበታል ማለት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሁልጊዜ በጓደኛዋ እጅ የሆነባት ልጅ፣ እዚያው ክፍል ተቀምጣ የትምህርቱ ግማሽ ያመልጣታል።

ሌላው የሚያመልጣት ነገር በራሷ መተማመን ነው። በ2017 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ የአምስት ዓመት ሴቶች ልጆች «በጣም ጎበዝ» የሚለውን መግለጫ ልክ እንደ ወንዶቹ ለራሳቸው ፆታ ይሰጣሉ። በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ግን ይህ ይቀንሳል፤ «በጣም ለጎበዞች» ከተባለ ጨዋታም መራቅ ይጀምራሉ። ይህን ጥርጣሬ ምክር ብቻውን አይነቅለውም። የሚነቅለው በገዛ እጇ የሠራችው ነገር ሲሠራ ማየቷ ነው።

ለዚህ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ቡና እንኳ ይበቃል። ናይሮቢ ውስጥ ላቪንግተን የሚባለው ሰፈር ዛሬ ዛፍ የበዛበት፣ ትምህርት ቤቶች የሞሉበት መኖሪያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ግን ፈረንሳውያን ሚሲዮናውያን በቅዱስ ኦስቲን ሚሲዮን ቡና ተክለው የሞከሩበት መሬት ነበር። የአረቢካ ቡና የትውልድ ቦታ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነውና፣ ናይሮቢ ለምታድግ ሐበሻ ልጅም ለኬንያዊት ጓደኛዋም ከቡና የቀረበ የሙከራ ዕቃ የለም።

ሁለት እኩል ብርጭቆ፣ እኩል ሙቅ ውሃ፣ እኩል ቡና ትውሰድ። አንዱን ቡና በሙቀጫ አልማ ትውቀጠው፤ ሌላውን ሸካራ ታድርገው። ከመጨመሯ በፊት የትኛው ቶሎ እንደሚጠቁር ገምታ ትጻፍ፤ ከዚያ በስልክ ሰዓት ትለካ። የላመው ይቀድማል። ምክንያቱን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል፦ አንድ ኩብ በየጎኑ ለሁለት ተከፍሎ ስምንት ሲሆን፣ መጠኑ ሳይጨምር ውሃ የሚነካው ገጽ እጥፍ ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር ልመቱ እኩል ይሁንና የውሃው ሙቀት ይለያይ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥን እንዲህ ትማራለች፤ የሳይንስ ዋና ሥርዓትም እሱ ነው።

ለምህንድስናው የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል ይበቃሉ። አምፖሉ እንቢ ሲል አዋቂው እጁን ይሰብስብ። የሽቦው ጫፍ ተልጧል? ድንጋዩ አልቋል? መስመሩ ዞሮ ገጥሟል? እያንዳንዱን ጥርጣሬ ተራ በተራ እየፈተሸች ስትሄድ የመሐንዲስን አስተሳሰብ ትለማመዳለች። አዋቂው ካቻቢቴውን ተቀብሎ «ነይ ላሳይሽ» ካለ ግን ትምህርቱን ወሰደባት። በቡድን ሲሠራም መሣሪያው በተራ ይዙር፤ መዝጋቢው በየዙሩ ይለወጥ።

ናይሮቢ ለዚህ ጥሩ ምስክሮች አሏት። በ2010 የተመሠረተው አኪራቺክስ ወጣት ሴቶችን ቴክኖሎጂ ያስተምራል። የነፍሳት ምርምር ማዕከሉን ኢሲፔን ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት የመሩትም በጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው፤ ተቋሙን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ በ2014 የሎሬያል ዩኔስኮን የሴቶች የሳይንስ ሽልማት አግኝተዋል። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ አንበጣ ሰብል ሲያወድም በልጅነታቸው አይተዋል። ከሳይንስ ጋር የተዋወቁት ማሳ ላይ፣ ሊፈታ በሚገባው ችግር ፊት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እናበረታታታለን ብሎ መጠበቅ እጅግ መዘግየት ነው። ጥርጣሬው በስድስት ዓመት የሚገባ ከሆነ፣ ሙከራው በአምስት ዓመት ይጀመር፤ በየቤቱ፣ በየመዋዕለ ሕፃናቱ፣ በዚህ ሳምንት።