አሮጌ ወንበር ሲገዛ መታየት ያለበት ጨርቁ ሳይሆን እንጨቱ ነው

መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ያገለገሉ ዕቃዎችን በጨረታ ሲያስወግዱ ወንበር ከዝርዝሩ አይጠፋም። ከየመኖሪያ ቤቱም ቆራሌው ይሰበስባል። መርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በየሰፈሩ ባሉ የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ጨርቁ የተቀደደ፣ ስፖንጁ የወጣ ወንበር ተደርድሮ ይታያል። ይህን ገዝቶና አድሶ መሸጥ አነስተኛ መነሻ ገንዘብ ላለው ሰው የሚሞከር ሥራ ነው፤ ለራሱ ቤት ወይም ቢሮ ለሚፈልግም ወጪ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ብዙው ገዢ የሚከስረው በእድሳቱ ሳይሆን ገና ሲገዛ ነው።

ጨርቅና ስፖንጅ ይለወጣሉ፤ ወጪያቸውም አስቀድሞ ይታወቃል። እንጨቱ ግን ወንበሩ ራሱ ነው። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚጠራው በጨርቁ መልክ በመሆኑ፣ ጨርቁ አዳፋ ሆኖ እንጨቱ የጸና ወንበር ያገኘ ሰው የተሻለ ገበያ አገኘ ማለት ነው።

ከአሮጌዎቹ መካከል ተፈላጊው የዋንዛ ወንበር ነው። ዋንዛ ለአናጢ የማያስቸግርና ሲወለወል መልኩ የሚያምር በመሆኑ ለቤት ዕቃ ሲመረጥ ኖሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ1999 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም ወፍራም የዋንዛ ጣውላ እንደ ልብ አይገኝም። በአንጻሩ ከቺፑድ የተሠራ ወንበር ብሎኑ አንዴ ከላላ ቀዳዳው መልሶ አይይዝም፤ በርካሽ ቢገኝም ለእድሳት አይመከርም።

ገዢው ወንበሩን ገልብጦ ማየት አለበት። ሻጩ ቅር ቢለውም ይገልብጠው። ክንዱንና መደገፊያውን ይዞ ሲያወዛውዘው ቢንቀሳቀስ ችግሩ የኮላ ነው፤ ይህ ቀላል ነው። መጋጠሚያው ላይ እንጨቱ ከተሰነጠቀ ግን አዲስ እግር ወይም ክንድ ማሠራት ሊያስፈልግ ነው። ትናንሽ ቀዳዳዎች ከታዩ ከሥሩ ወረቀት አንጥፎ እንጨቱን መታ መታ ማድረግ ነው። ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ አሁንም ሥራ ላይ ሳይሆን አይቀርምና መተው ይሻላል። በጨረታ በጥቅል የሚሸጥ ሲሆን ደህናውና የማይረባው አብሮ ስለሚመጣ፣ የማይረባው ዋጋ በደህናው ላይ ተደምሮ መታሰብ አለበት።

የላላ መጋጠሚያ በሚስማር አይጠገንም። ሚስማር ለሳምንት ያጠነክረዋል፣ ከዚያ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ትክክለኛው አሠራር መጋጠሚያውን አላቅቆ አሮጌውን ኮላ መፋቅ፣ አዲስ ኮላ ቀብቶ በገመድ ጠፍሮ አንድ ቀን ማሳደር ነው። ሞላ ወይም ከሥር የተወጠረ የላስቲክ ማሰሪያ ካለው የረገበው ይለወጣል። አሮጌው ጨርቅ ሲወልቅ መጣል የለበትም፤ ለአዲሱ ልክ ሆኖ ያገለግላል።

ቁጠባ የሚጎዳው ስፖንጅ ላይ ነው። ስፖንጅ የሚለካው በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን በዴንሲቲው፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ በሚመዝነው ኪሎ ነው። ለመቀመጫ 30 አካባቢ የሆነ ይመረጣል፤ ለመደገፊያ 20 ገደማ ይበቃል። ሻጩ የሚናገረውን ማመን የማይፈልግ ሚዛን ላይ ያስቀምጠው፤ 2 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ 10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ስፖንጅ ዴንሲቲው 30 ከሆነ 6 ኪሎ ይመዝናል። 3 ኪሎ ተኩል ብቻ ከመዘነ ዴንሲቲው ከ18 አይበልጥም። እንዲህ ያለው ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ደህና ይመስላል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ይሰምጣል። ደንበኛውም የሚመለሰው ለመግዛት ሳይሆን ለመክሰስ ነው።

ክንዱ እንጨት ለሆነ፣ መቀመጫና መደገፊያው ብቻ ለሚለብስ ወንበር ስፋቱ 1 ሜትር ከ40 የሆነ ጨርቅ 2 ሜትር ገደማ ይበቃል። አበባ ወይም መስመር ያለው ጨርቅ ሥዕሉን ለማገጣጠም ሲባል ይበልጥ ይፈጃል። በዚህ የተነሳ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ሙልጭ ያለ ጨርቅ ቢመርጥ ያተርፋል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አኃዙ ለስሌት ብቻ የተወሰደ ነው። አዲሱ ወንበር 100 ብር ነው እንበል። አሮጌው በ25 ተገዝቶ፣ ስፖንጅና ጨርቅ 25፣ የእጅ ዋጋ 15፣ ቫርኒሽና ማጓጓዣ 5 ቢፈጅ ድምሩ 70 ይሆናል። የታደሰው በ85 ቢሸጥ 15 ይተርፋል። አንድ የተሰበረ እግር ለማሠራት 10 ከወጣ ግን ትርፉ ወደ 5 ይወርዳል። ከደላላ ጋር የሚሠራም ኮሚሽኑን ከዚህችው ላይ ይቀንስ።

ከሠራተኛው ጋር ሲዋዋሉ ጨርቁንና ስፖንጁን ራስ ገዝቶ ማቅረብ፣ የተረፈው ጨርቅም እንዲመለስ አስቀድሞ መነጋገር የተለመደ ነው። ቀብድ ተሰጥቶ ቀሪው የሚከፈለው ሥራው ሲታይ ነው። የሚታየው ደግሞ የወንበሩን ሆድ የሚሸፍነው ጥቁር ጨርቅ ከመመታቱ በፊት መሆን አለበት፤ ከተመታ በኋላ የትኛው ስፖንጅ እንደገባ፣ የትኛው መጋጠሚያ በሚስማር እንደታለፈ ከውጭ አይለይም።