ካዛንቺስ፦ የመንገድ ዳር ድንጋይ ያልቆመለት ሰፈር

መገናኛ ላይ ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጣራል። ቶታል ወራጁ፣ መናኸሪያ ወራጁ፣ ኡራኤልን ሊሳለም የሚሄደው ሁሉ ስሙን በየቀኑ ያነሳዋል። ስሙ የወረራ ዘመን ቅሪት ነው፤ ኢንቺስ የተባለው የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የቤት ተቋም እዚህ ካሠራቸው ቤቶች የመጣ።

የማርሻል ባዶሊዮ ጦር በደሴ መንገድ መጥቶ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የመጣው ዘርፎ ሊሄድ ሳይሆን ሥር ሊሰድ ነበር። ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ ለጣሊያን ሰፋሪዎች እርሻ ተቋቋመ። ለከተማው ደግሞ ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች ነጩና ጥቁሩ ተለያይቶ የሚኖርበትን ፕላን ነደፉ። የአገሬው ሰው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ እንዲገፋ ተወሰነ፤ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያም አብሮት እንዲሄድ። የዛሬው መርካቶ መነሻው ይኸው ነው። ከቤተ መንግሥቱ በስተ ምሥራቅ ያለው ካዛንቺስ ግን የወራሪው መንግሥት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት ሆነ።

በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። እኔ የካዛንቺስን ቤቶች ከዚህ ሕግ ነጥዬ ማየት አይሆንልኝም። ሕጉ በመኝታ ቤት የከለከለውን ፕላኑ በሰፈር ከለከለ።

ፕላኑ ሁሉ ሳይጠናቀቅ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ከተማዋ ገቡ። ካዛንቺስም የአበሻ ሰፈር ሆነ። ከሰፈሩ ጥግ ላይ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ አርክቴክቱ ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያያል፦ የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ፣ በሦስት ክፍል፣ ብርሃን እየሰረገባቸው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ዘር ለመለያየት ከተሠራ ሰፈር ጎን አህጉሩ ከቅኝ ግዛት ነጻ ሊወጣ ቃል ገባ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ለአምስቱ ዓመታት መታሰቢያ አጥተን አይደለም። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ፤ የዩጎዝላቭ ቀራፂዎች በነሐስ የሠሩት ጭፍጨፋ ከሥሩ ዙሪያውን ይታያል። አራት ኪሎ የድሉ ሐውልት አለ። እነዚህ የሚነግሩን የሞታችንንና የነጻነታችንን ታሪክ ነው። ወራሪው ቢቀናው እንዴት ሊያኖረን አስቦ እንደነበር የሚናገር ድንጋይ ግን ካዛንቺስ ላይ አልቆመም።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ሰፈር ተበተነ። ምልክት ማቆም ያስቸኮለኝ ይህ ነው፤ ቤቱም ጎረቤቱም ከሄደ ለልጅ የሚያሳይ ማን ይቀራል? ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በአፍሪካ ጎዳና የሚመጣው እንግዳ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ሲሄድ የሚያገኘው፣ ሰፈርተኛውም ታክሲ ሲጠብቅ የሚያነበው፣ በሰው ቁመት ልክ የሆነ ድንጋይ ይበቃል። ወራሪው የገባበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበትና የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ሦስቱ ቀኖች ይጻፉበት። ከሥራቸውም እዚህ እንዲኖር የተመረጠው ማን እንደነበር፣ ከአራዳስ ማን እንደተገፋ ይጻፍ።