ፈረሱ ምን አደረገ? ጥፋቱ የሱሪው ነው!

የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ሱሪ ነው። ሱሪ ስላችሁ ታዲያ ለቦሌ መንገድ የሚለበሰውን፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር እያሉ የሚያደንቁትን ማለቴ አይደለም። ፈረስ ላይ የሚወጣበትን ነው። "ደግሞ ለፈረስ ምን የተለየ ሱሪ አለው?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ።

አሁን አሁን የከተማው ወጣት ፈረስ ወዷል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ እሁድ ወጣ ብሎ ፈረስ መቀመጥ ማኪያቶ ከመጠጣት እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። በወሊሶና በአምቦ መካከል ያለው ወንጪ ሐይቅ ለመዝናናት የሚሄደውም ቁልቁለቱን በፈረስ ይወርደዋል። ባሌ ተራሮችን ለማየት ዲንሾ የሚደርሰውም እንደዚያው። የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ጥር 23 እንጅባራ የሄደ ደግሞ ልቡ እዚያው ቀርቶ፣ "እኔም መጋለብ አለብኝ" ብሎ ይመለሳል።

ፎቶው ያምራል። ሰኞ ጠዋትስ? ሰኞ ጠዋት ያ ትናንት እንደ ጀግና የተነሳው ልጅ ቢሮ ሲገባ እግሩን ከፍቶ እንደ ዳክዬ ነው የሚራመደው። "ምን ሆንክ?" ቢሉት "ኳስ ተጫውቼ" ይላል። ልጅቷም "ወገቤን አሞኝ" ትላለች። ለምን? ያመማቸው ቦታ ለሰው የሚነገር ቦታ አይደለማ!

"ወፍራም ስለሆንኩ ነው"

ይህን ገጽ እንድጽፍ ያነሳሳችኝ አንዲት የሰፈሬ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 24 ነው፤ ሳቂታ ናት፤ ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ወጥታ ሁለት ሰዓት ያህል በፈረስ ከተንሸራሸረች በኋላ ለሁለተኛው ጉዞ ሲጠሯት እምቢ አለች። ለእነሱ "ፈረስ አልወድም" ነው ያለቻቸው። ለእኔ ግን ቡና እየጠጣን ሳለ እውነቱን ነገረችኝ።

"ጭኔ በሙሉ ተላጠ እኮ! ሦስት ቀን ቀሚስ ብቻ ለብሼ ነው የሰነበትኩት። እኔ ወፍራም ስለሆንኩ ነው። ፈረስ ለቀጫጮች ነው" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ምን ለብሰሽ ነበር?" አልኳት።

"ጂንስ ነዋ! ያቺን ጥብቅ የምትለዋን።"

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀጭንም ብትሆን ያ ጂንስ አይምራትም ነበር። አንድ የእንጦጦ ፈረስ አከራይ ልጅ ስጠይቀው ሳቀና፣ "እህቴ፣ እኛ ሰው ሲመጣ ፊቱን አይደለም የምናየው፤ ሱሪውን ነው። ማን ቶሎ 'አውርዱኝ' እንደሚል ገና ሳይወጣ እናውቃለን" አለኝ።

ምስጢሩ ስፌቱ ላይ ነው

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረስ ላይ ስትቀመጡ ሰውነታችሁ ከኮርቻው ጋር የሚገናኘው በመቀመጫችሁ ብቻ አይደለም። የጭናችሁ የውስጥ በኩል፣ ጉልበታችሁ፣ ባታችሁ ሁሉ ከኮርቻው ጋር ይተሻሻል። ፈረሱ በርምጃ ሲሄድ ችግሩ ቀላል ነው። ሶምሶማ ሲጀምር ግን በየደቂቃው በአሥሮች ለሚቆጠር ጊዜ ትነሳላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ። ላብ ይጨመርበታል። ላብ የነካው ቆዳ ደግሞ ይለሰልስና ቶሎ ይላጣል።

አሁን ጂንሳችሁን ገልብጡና እዩት። ወፍራሙና ድርብርቡ ስፌት የሚያልፈው የት ነው? በውስጥ ጭን በኩል! አራቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ቋጠሮስ? ልክ ብሽሽት ላይ! ቆሞ ለሚሄድ ሰው ምንም አይደለም። ፈረስ ላይ ግን ያ ስፌት ገመድ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ገመድ ላይ ተቀምጦ ቆዳ እንዴት ይተርፋል?

"ካውቦዮቹስ በጂንስ አይደል እንዴ የሚጋልቡት?" ትሉ ይሆናል። ፊልሙን ደህና አድርጋችሁ እዩት። ከብት የሚጠብቀው ካውቦይ ከጂንሱ በላይ እግሩን የሚሸፍን ቆዳ ይታጠቃል። ጂንሱም ቢሆን እንደ እኛ ከተማ ጂንስ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ አይደለም።

ሱሪ ራሱ የፈረስ ልጅ ነው

ይገርማችኋል፤ ሱሪ የሚባለው ነገር ከፈረስ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ቱርፋን አጠገብ፣ ያንግሃይ ከሚባል የጥንት መቃብር 3,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሱፍ ሱሪዎች ተገኝተዋል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በመቃብሩ ውስጥ ልጓምና አለንጋም ነበር። የሱሪዎቹ አሠራር ነው የሚደንቀው። ሁለት እግሮች ለየብቻ ተሸምነው፣ በመካከላቸው እግር እንደልብ እንዲከፈት የምታደርግ ሰፊ ቁራጭ ገብታለች። ያኔም ቢሆን ብሽሽት እንደሚጨነቅ አውቀውታል ማለት ነው።

ሕንዶችም አውቀውታል። ከጆድፑር ከተማ የመጣው፣ ከጭን ላይ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች ጥብቅ የሚለው ሱሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ በዓል ለንደን በተገኙት በሰር ፕራታፕ ሲንግ አማካይነት በእንግሊዞች ዘንድ ታወቀ። የእኛዎቹስ መቼ አነሱ? በድሮ ፎቶግራፎች የምታዩትን የመኳንንቱን ተነፋነፍ አስታውሱት። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። ከላይ የሚሰፋው ጉልበት እንዲታጠፍና ጭን እንዲከፈት ነው። ከታች የሚጠበው ደግሞ ጨርቁ ተሰብስቦ ባትን እንዳይፈትግና ከእርካብ ጋር እንዳይያያዝ ነው። ያኔ የሚለጠጥ ጨርቅ አልነበረማ! ዛሬ ታይት ውስጥ ያለው የሚለጠጠው ክር በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከዚያ ወዲህ የፈረሰኛ ሱሪ ከእግር ጋር ልክክ ብሎም ምቹ ለመሆን በቃ።

ታዲያ ምን እንልበስ?

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ስነግራቸው ከመኪናቸው ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ ቆመሽ የምትለኪው ሱሪ ለሰርግ ነው። ለፈረስ ከሆነ ተቀምጠሽ ነው የምትለኪው" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ምክር ከየትም አላገኘሁም። እኔም ይኸው ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በወንበር ፈትኑት። ሱሪውን ስትለብሱ ወንበር ገልብጣችሁ፣ መደገፊያውን ከፊት አድርጋችሁ፣ እንደ ፈረስ ተቀመጡበት። ብሽሽታችሁን ያዝ አደረጋችሁ? ወገቡ ከኋላ ወረደ? ጉልበታችሁ ላይ ተወጠረ? እንግዲያው አይሆንም። ብድግ ቁጭ በሉ። አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ጎተት ካደረጋችሁት፣ ፈረስ ላይ መቶ ጊዜ ልትጎትቱት ነው።

ሁለተኛ፣ እጃችሁን ወደ ውስጥ ክተቱ። የውስጥ ጭኑን ስፌት በጣታችሁ ዳስሱት። ጣታችሁን የቆረቆረው ጭናችሁን መላጡ አይቀርም። ስፌቱ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነ ወፈር ያለ ታይት ወይም የስፖርት ሱሪ ከጂንስ በብዙ ይሻላል። ቀጭኑ ታይት ግን ያንሸራትታል፤ የእርካቡን ጠፍርም አይከላከልላችሁም። ሰልባጅ ተራ ገብታችሁ ስትፈልጉ ጉልበቱና የውስጥ ጭኑ ላይ ልጣፍ ያለው ሱሪ ካጋጠማችሁ አትለፉት። እሱ በትክክል የፈረሰኛ ሱሪ ነው።

ሦስተኛ፣ ርዝመቱን እዩ። ስትቀመጡ ሱሪ ወደ ላይ ይሸሻል። ቆማችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቀው ፈረስ ላይ ባት ላይ ይደርሳል፤ ጠፍሩም ባዶ ቆዳችሁን ይቆነጥጣል። ስለዚህ ረዘም ይበል። ሰፊና የሚንቦጀቦጅ ግን አይሁን፤ እርካብ ላይ ይያዛል። ረዥም የጥጥ ካልሲ ከሱሪው በላይ ሳቡበት፤ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። የቆዳ ገምባሌ ያለውማ ጌታ ነው!

አራተኛ፣ የውስጥ ልብስ። ዳንቴል፣ ጌጥ፣ ቀጭን ላስቲክ ያለውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ለሴቱም ለወንዱም ከጭን የሚወርድ፣ ስፌቱ ለስላሳ የሆነ ቁምጣ መሳይ ፓንት ነው የሚሻለው። ልል ፓንት ከሱሪ ሥር ይጠቀለልና ሁለተኛ ገመድ ይሆናል። ሳትወጡ በፊት ውስጥ ጭናችሁን ቫዝሊን ቀባ ማድረግም አይከፋም።

አምስተኛ፣ ጫማ። ይሄ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ነጠላ ጫማና ሰንደል ፈጽሞ አይሆንም። ሶሉ ድፍን ለጥ ያለ ስኒከርም እርካብ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። እግራችሁ ሾልኮ ገብቶ ብትወድቁ ፈረሱ ደንብሮ ሊጎትታችሁ ይችላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተረከዝ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። አያቶቻችን በባዶ እግር አውራ ጣታቸውን ብቻ እርካብ ውስጥ አስገብተው ይጋልቡ ነበር። ስለዚህ በአንዳንድ የገጠር ኮርቻ እርካቡ ጠባብ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ጫማችሁ በቀላሉ ገብቶ በቀላሉ መውጣቱን አረጋግጡ። ካልወጣ እርካብ ይቀየር፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ።

የሰው አፍስ?

የሰፈሬ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ታይት ለብሼ ፈረስ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?"

እውነቷን ነው፤ የሰው አፍ አለ። ግን ደግሞ መላ አለው። እስከ ጭን የሚወርድ ረዘም ያለ ቲሸርት ወይም ሸሚዝ ከላይ ይለበሳል፤ አለቀ። ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ቀለም ይመረጣል። ታይት ጨርሶ አልለብስም የምትል ደግሞ ሰፋ ያለ የጥጥ ሱሪ ታሰፋ። ለዚች ልጅ ሰፊው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከሁለቱ እግሮች መካከል አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨመሩበት። ከውስጥ ጭን እስከ ጉልበት ደግሞ ለስላሳ ልጣፍ ደረቡበት፤ የልጣፉን ጠርዝ ከኮርቻው ወደማይነካው ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሸሹት። ከታች በላስቲክ ሰበሰቡት። ያው ተነፋነፍ አይደል?

ልጅቷ ያንን ለብሳ ወንጪ ወረደች፤ ወጣች። ሰኞ ጠዋት በራችን ላይ ቀጥ ብላ ስታልፍ አየኋት። ክብደቷ አንድ ኪሎ አልቀነሰም። የተለወጠው ሱሪው ብቻ ነው። ስንቶቻችን ነን ልብሱ ያልሆነንን ገላችንን የምንከስሰው?

ተላጦ የመጣ ምን ያድርግ?

የሆነው ከሆነ በኋላ ደግሞ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ሳትፈትጉ አድርቁትና ቫዝሊን ቀቡት። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ልበሱ። አልኮል አታፍሱበት፤ ያቃጥላችኋል እንጂ ቶሎ አያድነውም። እስኪድን ኮርቻ ላይ አትመለሱ። መግል ከያዘ፣ መቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ካመጣባችሁ ግን እፍረቱን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐኪም ጭን አይቶ አያውቅም ያላችሁ ማነው?

ዝናብ ካገኛችሁም ተጠንቀቁ። የራሰ ሱሪ ከደረቁ ይበልጥ ይልጣል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ይበርዳል። ስለዚህ ከሥር ስስ የጥጥ ታይት፣ ከላይ ሱሪ ብትደርቡ አያስወቅስም። ኮርቻው ደረቅ እንጨት ሆኖ ከተሰማችሁ ደግሞ አከራዩን "አጎዛ የለህም ወይ?" በሉት። የበግ አጎዛ የተነጠፈበት ኮርቻና ያልተነጠፈበት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

በሉ እንግዲህ ወገኖቼ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እናንተም ከሱሪያችሁ ጋር ስትዋጉ አትዋሉ። ውድ ዕቃ ለመግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ውስጥ መግባትም አያስፈልግም። ቤታችሁ ካለው ልብስ ውስጥ ስፌቱ የማይቆረቁረውን መርጣችሁ፣ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ መፈተን በቂ ነው። እንደ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ"፣ እንደ ምኒልክ "አባ ዳኘው" የሚባል የፈረስ ስም ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ሱሪያችሁን አስተካክሉ። አለዚያ ጓደኞቻችሁ "አባ ዳክዬ" ብለው ያወጡላችኋል!

መልካም ግልቢያ!