የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባትሪ አቅም መቀነስና በቤት ውስጥ የሚደረግ አሞላል

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ፥ የአውቶሞቢል ንግድ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልሷል። ቀድሞ ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ካንዴላ ይነጋገሩ የነበሩ ሻጭና ገዢ ዛሬ የሚነጋገሩት ስለ ባትሪ ነው። ከሁሉም ይልቅ ለክርክር ምክንያት የሚሆነው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ሲሸጥልኝ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው መኪና ዛሬ 350 ብቻ የሚያሳየኝ ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ገዢው ተታለልሁ ይላል፤ ሻጩም የሚሰጠው መልስ ይጠፋዋል። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ በዋጋ የሚበልጠው ባትሪው ስለ ሆነ፥ ነገሩ በይቅርታ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ ክርክር ብዙውን ጊዜ መነሻ የሚሆነው ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ መቈጠራቸው ነው። አንደኛው ፋብሪካው በወረቀት ላይ ያሰፈረው ርቀት ነው፤ ሁለተኛው በዳሽቦርዱ ላይ በየዕለቱ የሚታየው ቍጥር ነው፤ ሦስተኛው የባትሪው እውነተኛ አቅም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባትሪው ምንም ሳይጎዳ ሊለዋወጡ ይችላሉ።

በወረቀት የሚሰፍረው ርቀት እንደ መለኪያው ዓይነት ይለያያል። ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. በተባለው የቻይና መለኪያ መኪናው የሚፈተነው በሰዓት በአማካይ 29 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ ነው፤ ደብልዩ.ኤል.ቲ.ፒ. በተባለው በአውሮፓ መለኪያ ግን አማካዩ ፍጥነት ከ46 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መኪናው ሲፈጥን ነፋሱን ለመግፋት የሚያወጣው ኃይል እጅግ ስለሚጨምር፥ ያው አንዱ መኪና በቻይና ወረቀት ብዙ፥ በአውሮፓ ወረቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመቶ 15 ወይም 20 ያህል አነስ ያለ ርቀት ይጻፍለታል። እንግዲህ የቻይናውን ቍጥር ለገዢ እንደ ቃል ኪዳን የሚነግር ነጋዴ፥ ገና መኪናው ከግቢው ሳይወጣ ዕዳ ገብቷል ማለት ነው። ቍጥሩን መንገር ካስፈለገም በየትኛው መለኪያ እንደ ተገኘ አብሮ መንገር ይገባል።

በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር ደግሞ ግምት እንጂ ልክ አይደለም። መኪናው በቅርብ ጊዜ እንዴት እንደ ተነዳ አስቦ ወደፊት ይህን ያህል ይሄዳል ብሎ የሚተነብይ ነው። ለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው መንገድ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 700 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፥ ለጉዞው ከሚያስፈልገው ሌላ፥ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በደልዳላ መንገድ በ16 ኪሎዋት ሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከሆነ፥ ዳገቱ ብቻውን የ25 ኪሎ ሜትር ጉዞ በላበት ማለት ነው። ወደ አዳማ ሲወርድ ደስ የተሰኘው ባለመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ባትሪው የሞተ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያልቀነሰ ባትሪ ያልጠፋ ነገር ነው የሚፈለግበት። ከዚህ ላይ የከፍተኛው አገር አንድ ጥቅም ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም፤ የአዲስ አበባ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ በመሆኑ፥ በፍጥነት ለሚሄድ መኪና የነፋሱ ግፊት ይቀልለታል።

ወደ እውነተኛው ድካም እንመለስ ዘንድ፥ የሊቲየም ባትሪ የሚያረጅበት ምክንያት በአጭሩ የሚከተለው ነው። ኃይል በሞላና በተራገፈ ቍጥር ሊቲየሙ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳል። በካርቦኑ ወገን ላይ ግን፥ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ በተፈላ ቍጥር እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፥ ስስ ሽፋን እየተጋገረ ይሄዳል፤ በዚህም ሽፋን ውስጥ የተያዘው ሊቲየም ዳግመኛ ለሥራ አይመለስም። ይህ ሁኔታ መኪናው ቆሞም ሳለ አይቋረጥም። የሚያፋጥኑትም በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት፥ እንዲሁም ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ለብዙ ጊዜ መቆየቱ። ሁለቱ በአንድነት ሲገናኙ ጉዳቱ ይብሳል።

የሙቀት ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ዓለም የተማረው በኒሳን ሊፍ ነው። ይህ መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 መጨረሻ ለሽያጭ ቀረበ፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አልነበረውም። በ2012 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፥ በጋው እንደ እሳት በሚያቃጥልበት በፊኒክስ ከተማ የሚኖሩ ገዢዎች፥ መኪናቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው የባትሪው አቅም ምልክት መቀነስ እንደ ጀመረ አመለከቱ። ኩባንያው በ2013 ለ5 ዓመት ወይም ለ60,000 ማይል የሚጸና የአቅም ዋስትና ሰጠ፤ በኋላም ሙቀትን ይበልጥ የሚችል ባትሪ አወጣ። ቀዝቀዝ ባለ አገር የቆዩት የዚያው ዓይነት መኪናዎች ግን እንዲህ ፈጥነው አልደከሙም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ መኪናዎች በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ባትሪ አላቸው። ጂኦታብ የተባለው የካናዳ ድርጅት በ2024 ባወጣው ጥናት የባትሪ አቅም በአማካይ በዓመት ከመቶ 1.8 እጅ እንደሚቀንስ ገልጿል። በዚህ አማካይ ቢሄድ ባትሪው በአሥር ዓመቱ አራት አምስተኛ ያህል አቅሙን ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ የአየሩ ጠባይ ለባትሪ የተመረጠ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከባድ ሙቀትም የሚያረጋ ብርድም የለበትምና። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ባትሪን የሚጎዳው ከአየሩ ይልቅ የባለቤቱ ልማድ ነው።

ልማድን ለማስተካከል አስቀድሞ የባትሪውን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በገበያው ላይ በብዛት ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኒኬል፥ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ነው፤ ሁለተኛው በብረትና በፎስፌት የሚሠራው ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት በየዕለቱ ከመቶ 80 እጅ መሙላት ይበቃዋል፤ ሙሉውን መሙላት ረጅም መንገድ ለሚጓዙበት ዋዜማ ይቀመጥ። መኪናው ሞልቶ ለሳምንት እንዲቆም ማድረግ ግን የከፋ ልማድ ነው። የብረትና ፎስፌቱ ባትሪ በዚህ ረገድ ቻይ ነው፤ ቮልቱ ከላይ እስከ ታች ብዙም ስለማይለዋወጥ ግን የመኪናው ኮምፒዩተር ምን ያህል እንደ ቀረው ለመለየት ይቸገራል። ፋብሪካዎች በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እስከ መቶ ይሞላ የሚሉት ስለዚህ ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ዳሽቦርዱ 15 እያሳየ መኪናው በድንገት የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ደንበኛውም ባትሪው እንደ ተበላሸ ቈጥሮ ወደ ሻጩ ይመጣል።

በአንዳንድ ሱቆች ለገዢ ሲነገር የሚሰማ ሌላ ምክር አለ፤ «ባትሪው ፈጽሞ እስኪያልቅ ንዳው፥ ከዚያ ሙሉውን ሙላው» የሚል ነው። ይህ ለቀድሞው የኒኬልና ካድሚየም ባትሪ የተሰጠ ምክር ሲሆን ለሊቲየም ፈጽሞ አይስማማም። ከ60 ወደ 40 ወርዶ እንደገና መሙላት ከ100 ወደ ዜሮ ከመውረድ ይልቅ ለባትሪው ይቀለዋል። በእንጦጦ አቀበት ወይም በሌላ ከፍታ የሚኖር ሰው ደግሞ እስከ መቶ የማይሞላበት ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ራሱ የሚያመነጨውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ባዶ ቦታ ይፈልጋልና።

በቤት ውስጥ መሙላት ዝግተኛ በመሆኑ ለባትሪው የተመቸ ነው፤ አደጋ ካለ ያለው በቤቱ ሽቦ ላይ ነው። 10 አምፔር የሚስብ መሙያ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 ወደ 80 ለማድረስ፥ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር፥ ከቆጣሪ 40 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወጣል፤ ይህም 18 ሰዓት ይፈጃል። ይህን ሰምተው ብዙዎች ትልቁን የግድግዳ መሙያ ለመግዛት ይቸኩላሉ። ነገር ግን በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፥ ከተራው ሶኬት በአራት ሰዓት ያገኘዋል። መሙያ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን እውነት ቢነግር ትርፉ ለጊዜው ሊያንስ ይችላል፤ ደንበኛው ግን አይጠፋበትም።

የእንጀራ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎዋት ድረስ ይስባል፤ ተራው የመኪና መሙያ ከዚህ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ለጥቂት ሰዓት ሲጣድ መሙያው ግን ሌሊቱን ሙሉ መቆየቱ ነው፤ ላላ ያለ ሶኬትና ቀጭን ማስረዘሚያ ገመድ የሚቀልጡትም በዚህ ነው። ባለ 7 ኪሎዋት መሙያ ደግሞ ሁለት ምጣድ በአንድነት እንደ መጣድ ስለ ሆነ፥ የራሱ ብሬከር፥ ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር የማያንስ የመዳብ ሽቦና በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ከቤቱ መስመር አቅም ጋር መስማማቱንም ባለሙያ ይመርምረው። መብራት ሲሄድ አሞላሉ መቋረጡ ባትሪውን አይጎዳም፤ ሲመለስ የሚመጣው የቮልት መናር ግን መሙያውን ሊያቃጥል ስለሚችል መከላከያ መግጠም ይበጃል።

የአስመጪው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ በጅቡቲ ይጀምራል። በዚያ ወደብ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። መኪናው ሞልቶ በዚያ ፀሐይ ለወራት ቢቆም ከላይ የተነገረው ድካም ሳይነዱት ይደርስበታል፤ ባዶ ሆኖ ቢቆም ደግሞ ባትሪው ከልኩ በታች ወርዶ ፈጽሞ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከላኪው ጋር በሚደረገው ውል መኪናው ግማሽ ያህል ሞልቶ እንዲጫን መጻፍ፥ በወደቡም ሆነ በሞጆ ደረቅ ወደብ ከዘገየ በየጊዜው እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከትልቁ ቀድማ ስለምትሞት፥ እርስዋም በመቆም ብዛት የተጎዳች መሆንዋ ይመርመር። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የመሙያው አፍ ለአውሮፓ ከተሠራው የተለየ መሆኑም አይዘንጋ፤ መሙያ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ሳይጠይቅ ቢያዝ ዕቃው በመጋዘን ይቀርበታል። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ለባትሪ የሚሰጡት የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትናም መኪናው ለተሸጠበት አገር ብቻ የተወሰነ ሆኖ ይገኛልና፥ በአስመጪው ስም ይጸና እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የተጓዘውን ኪሎ ሜትር አይቶ ብቻ መፍረድ አይገባውም፤ ጥቂት የተነዳ ነገር ግን ሞልቶ በሙቀት የኖረ መኪና፥ ብዙ ከተነዳው የከፋ ሆኖ ይገኛልና። የባትሪውን ጤንነት የሚያነቡ መሣሪያዎች አሉ፤ ከሌሉም የቤቱ ቆጣሪ በቂ ምስክር ይሆናል። ሌላው የቤቱ ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ፥ መኪናው ከ20 እስከ 80 ይሞላና ቆጣሪው ይነበብ። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ጤነኛ ከሆነ 40 ያህል ይቈጥራል። 34 ብቻ ቢቈጥር፥ ከዚህ ላይ አሥረኛው በመንገድ የባከነ ነው፤ የገባው 30.6 ነው፤ ይህም የባትሪው ከመቶ 60 እጅ ስለ ሆነ ጠቅላላው አቅም 51 ሆኖ ይገኛል፤ ከመቶ 15 እጅ ጎድሏል ማለት ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች በወረቀት የሚጽፉት ጠቅላላውን አቅም እንጂ ነጂው የሚጠቀምበትን ስላልሆነ፥ የሁለት ወይም የሦስት ኪሎዋት ሰዓት ልዩነት ቢገኝ ለክስ አያበቃም። የብረትና ፎስፌት ባትሪ ከሆነም ምርመራው የሚደረገው አስቀድሞ አንድ ጊዜ እስከ መቶ ከተሞላ በኋላ ነው። የተገኘው ቍጥር፥ የባትሪው ዓይነትና የዕለቱ ቀን በደረሰኙ ላይ ተጽፎ ሻጭና ገዢ ይፈርሙበታል፤ አንዱ ቅጂ ከሻጩ መዝገብ ይቀመጣል።